የፊት ታርጋ ያልታሰበለት ዲኤክስ

ሐዋሳ ውስጥ ስትዘዋወሩ ታርጋው ቀጥ ብሎ የተገጠመ፣ ኮብልስቶን ላይ ሲነዳ የማይንቋቋ፣ የሁለቱ ቡሎኖች አናት እንኳ በአንድ አቅጣጫ የተኛ መኪና ካጋጠማችሁ፣ የገጠመችው ሊድያ ማቴዎስ ናት ብላችሁ ብትወራረዱ አትሸነፉም። እሷ ራሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። በዚህ ጉዳይ በትሕትና አትታማም። ታርጋ ማንም ይገጥማል፣ ቀጥ አድርጎ የሚገጥም ግን ስንት ሰው አለ ብላ ከጠየቀቻችሁ መልሱን ራሷ ስለምትነግራችሁ መጨነቅ አያስፈልግም።

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። መናኸሪያ፣ ከአውቶቡሶቹ ማቆሚያ ጀርባ፣ የአባቷ የባትላሜራ ጋራዥ አለ። የተጨማደደ በር፣ የተጠረመሰ ኮፈን፣ ተገልብጦ የመጣ ሚኒባስ ሁሉ እየተቀጠቀጠ መልኩን ይዞ የሚወጣው ከዚያ ግቢ ነው። ሊድያ ደግሞ በሩ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ትራፓኖዋንና ካቻቢቴዎቿን ደርድራ አሥራ ሁለት ዓመት ታርጋ ስትገጥም ኖራለች። የባጃጅ፣ የአይሱዙ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና፣ ያልገጠመችው የለም። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ አባቷ አንድም ቀን መዶሻ አስጨብጠዋት አያውቁም።

አባቷን ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ማቴዎስ ይላቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ለልጃቸው የሚሳሱ ናቸው። ጣጣው ያለው እዚያው ላይ ነው። ላሜራ እጅ ይበላል ይላሉ፤ የራሳቸውን መዳፍ ዘርግተው ያሳያሉ፤ አንዱ ጣት አጥሯል፣ ሌላው አይታጠፍም። ሴት ልጅ ከዚህ ጋር ምን አገናኛት፣ ታርጋዋን ትግጠም፣ እሱም ሥራ ነው። ሊድያ አትከራከርም ነበር። አባቷ ምሳቸውን ለመብላት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠብቃ፣ ከግቢው ጓሮ ከተጣሉት አሮጌ በሮች አንዱን ጎትታ ትቀጠቅጣለች። ዓመት ስትቀጠቅጥ እጇ ለመደ፣ ሁለት ዓመት ስትቀጠቅጥ ብረቱም ገባት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሙያ በልብ ነው።

ዘንድሮ ግን ዝምታው የማያዋጣ ሆነ። የጋሽ ማቴዎስ ዓይን እየደከመ መጥቷል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ብዙ ተስፋ እንዳያደርጉ ነግሯቸዋል። አንድ ሴራሚክ የሚነግድ ሰው ግቢውን ለመጋዘን እንዲያከራዩት ጠይቋቸው፣ ወሩ ሳያልቅ መልስ እሰጥሃለሁ ብለውታል። ይህንን ለልጃቸው የነገሯት ምሳ እየበሉ፣ ጨው አቀብይኝ በሚሉበት ድምፅ ነው። ጋራዡን የሚይዝ ሰው ስለሌለ መዝጋቱ ይሻላል አሉ። የሚይዝ ሰው ስለሌለ! ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ። ሊድያ እጇን ከሳህኑ አነሳች። ተናደደች፣ ከንዴቱ በላይ ግን አፈረች፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ የቆመችው ማን ነበረች?

እንግዲህ አልአዛር ዲኤክሷን ይዞ ተመልሶ የመጣው በዚያ ሳምንት ነው።

አልአዛር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። ዲኤክስ የምትባለዋን አሮጌ ቶዮታ ከአጎቱ ላይ ገዝቶ፣ ዝቅ አስደርጎ፣ ሰፋፊ ጎማ አስገጥሞ፣ በመጨረሻም ፊቷን እንደ አዲስ እንዲሠሩለት ለጋሽ ማቴዎስ ሰጥቷቸው ነበር። ስልኩ ላይ የአንድ የውጭ አገር መኪና ፎቶ ነበረው፤ ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ አለ። ጋሽ ማቴዎስ ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ በዓይናቸው ሳይሆን በእጃቸው ነው የሠሩት። ከመብራት እስከ መብራት አንድ ወጥ ላሜራ፣ እንደ ዶሮ ደረት ወደ ፊት የወጣ አፍንጫ፣ ከሥሩ ለራዲያተሩ አየር የሚያስገባ አንድ ሰፊ አፍ። ስርጉድ የሚሞላበት ስቱኮ አንዲት ማንኪያ እንኳ የለበትም። ስቱኮ የሰነፍ መሸፈኛ ነው ባይ ናቸው። መኪናዋ ስትወጣ ሙሽሮች ሳይቀሩ ባህል አዳራሽ አጠገብ አስቁመው ፎቶ ተነሱባት።

አንድ ነገር ብቻ ማንም አላሰበውም። ፎቶው ላይ ያለችው መኪና የፊት ታርጋ አልነበራትም። በዚያ አገር የፊት ታርጋ ግዴታ ይሁን አይሁን፣ ወይ ለፎቶ ብለው ፈትተውት ይሁን፣ እግዜር ይወቀው። ጋሽ ማቴዎስ ያዩትን ነው የሠሩት፣ አልአዛርም የተሠራለትን ነው የወሰደው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኼ ነው። ለታርጋ የሚሆን አንድ መዳፍ ሜዳ ቦታ ዲኤክሷ ፊት ላይ የለም።

መምህሩ ለጊዜው ታርጋውን ከመስታወቱ ጀርባ ዳሽቦርዱ ላይ አቁሞ ነዳ። ትራፊኮቹ መጀመሪያ መከሩት፣ ቀጥሎ ቀጡት። ዓመታዊ ምርመራ ሲወስዳት ደግሞ መርማሪው የለውጡን ፈቃድ አይቶ፣ ፍሬኑን አይቶ፣ መብራቱን አይቶ፣ ሁሉ ደህና ነው ካለ በኋላ ጣቱን ወደ ፊቷ ቀስሮ ታርጋው የታለ አለ። ታርጋ ሳይገጠም ቦሎ የለም ብሎ መለሰው። በዚያ ላይ ሰሌዳው በአዲስ የሚቀየርበት ተራ ደርሶት ስለነበር፣ አልአዛር ታርጋ ከሚታደልበት መስኮት ፊት ቆሞ ለሊድያ ደወለ። ለፊቱ ረጅሙን ይዤ ልምጣ ወይስ ካሬውን ሲላት ሰልፉ ከኋላው ያጉረመርማል። ሊድያ መኪናዋን በሐሳቧ አየቻት። ካሬው ከአፍንጫው አልፎ በአየር ማስገቢያው ላይ ይንጠለጠላል፤ ረጅሙ ከመብራት እስከ መብራት ካለው ስፋት ጋር ይሄዳል። ረጅሙን ያዝ አለችው፣ ዘጋችው።

ታርጋው መጣ፤ የት ይግባ የሚለው ግን አልተፈታም። መምህሩ ሐሳብ አላጣም፣ መምህር መቼ ሐሳብ ያጣል። በሁለት ፊት ማጣበቂያ ይለጠፍ አለ። በሐዋሳ ፀሐይ እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠየቀችው፤ የጠፋ ታርጋ ለማስተካት ስንት ቢሮ እንደሚያዞርም አስታወሰችው። ከአየር ማስገቢያው አፍ ላይ ይግባ አለ። ሊድያ በዚህ አልተከራከረችም፤ በታርጋው ልክ ካርቶን ቆርጣ አፉ ላይ አሰረችና ወደ ወንዶ ገነት የሚወስደውን መንገድ አብረው ወጡ። አቀበቱ ላይ የሙቀት መርፌው ሽቅብ ሲነሳ የፊዚክስ መምህሩ ራሱ አቁሚ አለ። ከሥር ካለው የመጎተቻ መንጠቆ ብረት አውጥተን ወደ ጎን እናንጠልጥለው አለ። እሱንም ለአንድ ቀን ሞከሩት። ኮብልስቶኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቁጥሩ አይነበብም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ባጃጅ ገጭቶ ብረቱን አጣመመው።

የቀረው አፍንጫው ነበር። ሊድያ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። መሃሉ ላይ በታርጋው ልክ ብረቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ሜዳ መሆን፣ ከዚያም ሁለት ቦታ መበሳት አለበት። አልአዛር ይህን ሲሰማ፣ ካልቀረስ በሪቬት ይጣበቅ፣ ትራፊክ በጥፋት ሲይዘኝ ፈትቶ እንዳይወስደው አለ። በከተማው እንዲህ የሚያስደርግ ብዙ ነው። ሊድያ ግን ለማንም አድርጋ አታውቅም። ታርጋው የመንግሥት ነው፣ ባለቤቱ ሲጠይቅ መውረድ አለበት ትላለች፤ በካቻቢቴ ያልተፈታ ታርጋ በፒንሳ ይገነጠላል፣ ሲገነጠል ደግሞ ላሜራውን ይዞ ነው የሚሄደው። ሁለት ቡሎን፣ ከኋላ የተበየዱ ሁለት ዳዶዎች፣ አለቀ።

መምህሩን ማሳመን ቀላሉ ነው። ከባዱ በግቢው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚሆነውን ሁሉ በጆሮው የሚከታተለው ሰው ነው።

ሊድያ ሄዳ ፊት ለፊታቸው ቆመች። የምትለውን ሌሊቱን አላሰላሰለችም፣ አላጣፈጠችም።

«አባዬ፣ ታርጋው አፍንጫው ላይ ነው የሚገባው። መሃሉን ደብድቤ ሜዳ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ሁለት ቦታ እበሳዋለሁ።»

ጋሽ ማቴዎስ አንገታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ። «እኔ በሠራሁት ላይ?»

«አንተ በሠራኸው ላይ።»

«ምን ጎደለው?»

«አላለቀም» አለች ሊድያ። «ታርጋ የማይቀበል መኪና ያላለቀ መኪና ነው። ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ አንተ ራስህ ትለው ነበር።»

አልአዛር መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በዚያ ግቢ ውስጥ ለጋሽ ማቴዎስ ሥራህ አላለቀም ያላቸው ሰው በአርባ ዓመት አልተሰማም። እሳቸውም አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ማን ነው የሚደበድበው ብለው ጠየቁ። እኔ አለች። መቼ ተማርሽ የሚለውን ጥያቄ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም። ተነስተው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ቤት ሄዱ።

ሁለት ቀን አላናገሯትም። ሊድያ በሁለቱ ቀን አንድም ጊዜ ይቅርታ ልበል ብላ አላሰበችም። ቅር እንዳላቸው ታውቃለች፣ አሳዝነዋታል፣ ትወዳቸዋለችም። ያለችው ነገር ግን እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ አባት ቅር ስላለው አይለወጥም። በታርጋው ልክ ከኮምፔንሳቶ እንጨት ቅርጽ ቆረጠች፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ አፍንጫው ላይ ለክታ በጠመኔ አሰመረች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መዶሻ አንስታ ልትጀምር ስትል ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ጋሽ ማቴዎስ በሥራ ቱታቸው ቆመዋል። በቀኝ እጃቸው ለሚደበደብ ላሜራ ከጀርባው የሚያዘውን የድጋፍ ብረት ይዘዋል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዳትነካው የተነገራት ብረት ነው።

«ከውስጥ ማን ሊይዝልሽ ነው?» አሉ።

መሬት ላይ ካርቶን አነጠፈችላቸው፤ በጀርባቸው ተንሸራተው ከዲኤክሷ ሥር ገቡ። ብረቱ ከላሜራው ጀርባ ሲነካ ድምፁን ሰማችና የት ጋ እንደያዙላት አወቀች።

መታች። የመጀመሪያዋ ምት ትንሽ ፈራ ያለች ነበረች። ሁለተኛዋ አልፈራችም። ላሜራ የሚቀጠቀጠው በጉልበት አይደለም። ብረቱ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ እየጠየቁት፣ ትንሽ በትንሽ፣ ከጠርዙ ወደ መሃል። የቸኮለ ብረቱን ይዘረጋዋል፤ የተዘረጋ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይሰበሰብም። እሷ መዶሻዋን ወደ ግራ ስታሻግር ከሥር ያለው ብረት ሳይነገረው አብሯት ይሄዳል። አንዴ እንኳ እዚህ ያዝልኝ አላለችም። እሳቸውም አንዴ እንኳ ቀስ በይ አላሏትም። ኮምፔንሳቶውን ስታስቀምጥበት እንደ መሳቢያ ገጥሞ ቁጭ አለ። አልአዛር ከዳር ቆሞ ያይ ነበር፣ የፊዚክስ ሕግ ሁሉ ጠፍቶበት።

ከዚያ ትራፓኖው ነው። ነጥቡን መታች፣ ቀጭኑን የመብሻ ፑንታ አስገባች፣ በሳች። ብናኙ ወደ ውስጥ ሲረግፍ ጋሽ ማቴዎስ ፊታቸውን አዞሩ። ሁለተኛውን በሳች። የትራፓኖው ድምፅ ገና ሳይጠፋ እሳቸው ከሥር ተንሸራተው ወጡ፣ ቱታቸውን አራገፉ፣ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እየዳበሱ ከግቢው በር ወጡ። ሊድያ በሚወጣው ጀርባቸው ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች። መቀጥቀጡን ቻሉት፣ ቀዳዳውን ግን አልቻሉትም ብላ አሰበች። ቢሆንም ሥራ መሃል አይተውም፤ ዳዶዎቹን ከኋላ በየደቻቸው፣ አቀዘቀዘቻቸው፣ ታርጋውን ለልክ አስራ ፈታችው።

ሲመለሱ ቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዱ። አሥሩን ጣታቸውን አፍንጫው ላይ አሳርፈው፣ ከመብራት ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ፣ ቀስ አድርገው ዳሰሱት። ስቱኮ አድርገሻል ወይ ብለው ጠየቁ። አላደረግኩም አለች። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ በርጩማቸው ተመለሱ።

ቀለሙ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን አልአዛር ክፍለ ጊዜ ስለነበረው ቁልፉን ለሊድያ ሰጥቷት ወደ ምርመራው የሄዱት አባትና ልጅ ናቸው። መርማሪው ያው የባለፈው ሰው ነበር። መኪናዋን አስታወሳት። ጎንበስ ብሎ ታርጋውን አየ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየ፣ ተመልሶ በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። መኪናዋ ተነቃነቀች እንጂ ታርጋው አልተነቃነቀም። ጋሽ ማቴዎስ የንቅናቄውን ድምፅ ሰምተው፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ብለው መኪናዋ ውስጥ ከወንበራቸው አጉረመረሙ፤ ደግነቱ መርማሪው አልሰማቸውም። ካቻቢቴ አምጡ አለ። ሊድያ ሰጠችው፤ ሁለቱን ቡሎኖች ፈትቶ፣ ከኋላ ያለውን አይቶ፣ ራሱ መልሶ አሰራቸው። ከፋብሪካ እንዲሁ የመጣች ነው የምትመስለው አለና ፈረመ። ቦሎው ተለጠፈ።

ሲመለሱ ሊድያ እየነዳች፣ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ደስ ብሏታል፤ ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል፤ እሷም ዛሬ የግቢውን ነገር ካላነሳሁ መቼም አላነሳም ብላ የምትጀምርበትን ቃል እየፈለገች ነበር። ቀድመው የተናገሩት ግን እሳቸው ናቸው።

«ለሴራሚኩ ሰውዬ ግቢው አይከራይም ብዬዋለሁ።»

ሊድያ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። «መቼ?»

«ያን ዕለት ከመኪናዋ ሥር እንደወጣሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ ደወልኩለት።»

«አባዬ፣ ያኔ እኮ ቀለም እንኳ አልተቀባም። እንደሚያልፍ በምን አወቅህ?»

«መርማሪው ማለፉን ይወቅ። ብረቱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ማቴዎስ። «እያንዳንዷ ምትሽ እጄ ላይ ነው ያረፈችው። እኔ በአንቺ ዕድሜ እንደዚያ አልመታም ነበር።»

መንገዱ ከፊቷ ደበዘዘ። የጉዱማሌ መናፈሻ አጥር ጥግ ስትደርስ ፍሬቻ አብርታ ዳር ይዛ አቆመች፤ ከኋላ የነበረው ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ አለፋት። መሪውን እንደያዘች አለቀሰች፤ አልደበቀችም፣ ለመደበቅም አልሞከረችም። አባቷ አላባበሏትም። እስክትጨርስ ቁጭ ብለው ጠበቋትና፣ ነገ በማለዳ ጎኑ የገባ ፒክአፕ እንደሚመጣ፣ ባለቤቱን ከእሷ ጋር እንዲነጋገር እንደነገሩት አስረዷት።

«የኔ መዶሻዎች እጀታ ለአንቺ እጅ ይወፍርብሻል» አሉ። «ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ዛሬውኑ ይሞረድልሽ።»